የወደቀ አውሮፕላን ቁጥር

ለምወድህ ወንድምዓለም፣

ወገብህ እንዴት ነው? ባለፈው ጎንበስ ስል ይይዘኛል ብለኸኝ ነበርና ከሁሉ በፊት እሱን ልጠይቅህ። የክፍልህ ጣሪያስ ማፍሰሱን ተወ? ያቺ በበሩ ስንጥቅ እያየች «ዛሬም አመሸህ» የምትልህ አከራይህስ ደህና ናት? ናፍቆቴ በአንድ ወረቀት የሚወጣልኝ አይደለም። እኔ ከሥራ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ሥራ ማጣትንም ከመልመዴ ብዛት ከዘመድ ቆጥሬዋለሁ። እማዬ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትቆጣለች። የምጽፍልህ ስለ እሷ ነው፤ ግን ባንዴ ዘልዬ አልደርስበትምና ታግሠህ ተከተለኝ።

«ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» እንደምትል ይታወቀኛል። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ሁለት ክፍል፣ መሐሉ ላይ ከካርቶን የማይሻል ግድግዳ። የእማዬ ጆሮ ደግሞ ሰሞኑን እንደ ምላጭ ተስሏል። እሷ ጓዳ ሆና እኔ ሳሎን ከረሜላ ስፈታ ትሰማኝና «ብቻሽን ምኑን ነው የምትበዪው?» ትለኛለች። ስለዚህ ይህን የምጽፍልህ ከጋሽ ሙጫ ጋራዥ ሆኜ ነው። ከዚህ ልደውልልህም እችል ነበር፤ በአፌ ግን አልጨርሰውም።

ጋሽ ሙጫን አታውቃቸውም። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ጣቶቻቸው ላይ ሁልጊዜ የደረቀ ሙጫ ስለማይጠፋ ሰው ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል፤ እሳቸውም ወደውታል። መጀመሪያ ስንተዋወቅ እጃቸውን ዘርግተው «ከጨበጥኩሽ አብረሽኝ መቅረትሽ ነው፣ አስቢበት» አሉኝ። ይኸው ቀረሁ። መኪናቸውን ከሸጡ ወዲህ ባዶ የቀረውን ጋራዥ ለሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ከፍተውታል። የምንመጣው አንድ የጥርስ ሐኪም፣ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር እና እኔ ነን። የጥርስ ሐኪሙ ያረጁ መቦርቦሪያዎቹን ያመጣልናል፤ ክንፍ ላይ ቀዳዳ ለመብሳት እንደ እሱ ያለ የለም። ሹፌሩ «እኔስ መሪ የሌለው ነገር መያዝ አምሮኝ ነው» ይላል።

በአውሮፕላን ምህንድስና ከተመረቅኩ ወዲህ ያላንኳኳሁት በር የለም። «እንጠራሻለን» ያሉኝ መሥሪያ ቤቶች አንድ ቀን ሁሉም ባንዴ ቢጠሩኝ ከተማው በጩኸት ይደነቁር ነበር። እኔ ግን ታውቀኛለህ፣ መቀመጥ አይሆንልኝም። እዚያ ጋራዥ የገባሁት እጄ እንዳይዝግ ብዬ ነው። በኋላ ግን አንድ ወሬ መጣ፤ የበረራ ትምህርት ቤቱ የማስተማሪያ ሞዴሎችን እየሠራ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይፈልጋል ተባለ። «አንድ ሞዴል ሥሪ፣ ፎቶውን ላኪልን፣ ዓይተን እንወስናለን» አሉ። የዚያን ቀን ከአውቶቡስ ሳልወርድ ሦስት ፌርማታ አለፈኝ። ይኸው የኔ ሥራ ብዬ ነበር፣ ወንድምዓለም። በጣቴ ተለክቶ የተሰፋልኝ ነበር የመሰለኝ።

የትኛውን አውሮፕላን ልሥራ ብዬ አላሰብኩም። አሮጊቷን ሠራሁ።

አሮጊቷ ስልህ አባዬ እንዲያ እያለ የሚጠራትን፣ ሁለት ሞተር ያላትን፣ ሆዷ እንደ እርጉዝ ላም የተነፋውን የዕቃ ማመላለሻ ማለቴ ነው። አባዬ መካኒኳ ሆኖ አብሯት ይበር የነበረችውን፣ ከበረሃው ማዶ ዕቃ አራግፋ ስትመለስ እሱንና አብራሪዎቹን እንደያዘች የጠፋችውን። ስብርባሪ እንኳ አልተገኘም። ፈላጊዎቹ ሲደክሙ አንተ በኩር ነህና «ሐዘን እንቀመጥ» ብለህ ወሰንክ። ትክክል ነበርክ። እማዬ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስምህን አትጠራም፤ «ያ ቀባሪው ልጄ ደወለ ወይ?» ነው የምትለው። እንዳትቀየማት ብዬ አልነገርኩህም ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ግማሹን ጊዜ።

አሮጊቷን ለመሥራት ሳሎን ከተሰቀለው፣ አባዬ ከጭራዋ ሥር ቆሞ ከተነሳው ፎቶ ተነሳሁ። ቀፎዋ ከቀላል እንጨት፣ የሞተሮቿ ሽፋን ከቆርቆሮ ጣሳ፣ መስኮቶቿ የእማዬ የዓይን ጠብታ ከሚታሸግበት ብርሃን ከሚያሳልፍ ፕላስቲክ ናቸው። ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ክንዴን ስዘረጋ ያህላል። በግራ ሞተሯ ሥር ያለችውን የዘይት እድፍ ሳይቀር አስገባሁ። አባዬ «የሷ ዘይት መንጠባጠብ የጤንነት ምልክት ነው፤ መንጠባጠብ ካቆመች ነው ዘይት አልቆባት የምትወድቀው» ይል አልነበር?

ጋራዡ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። በአውሮፕላን ጭራ ላይ የሚጻፈው ፊደልና ቁጥር እንደ ሰው ስም ነው፤ የአንዷን ሌላዋ አትይዘውም። ጋሽ ሙጫ የወደቀች ወይም የጠፋች አውሮፕላን ስትሠራ እውነተኛው ቁጥሯ እንዲጻፍ አይፈቅዱም፤ የመጨረሻውን ፊደል ለውጡ ይላሉ። ሹፌሩም፣ የጥርስ ሐኪሙም እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «አንድ ቦታ የሚጠብቃት ሰው ሊኖር ይችላል፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። ምህንድስና የተማረ ሰው በዚህ አይስቅም?

ፊደሉን ለውጬ ጽፌ ነበር፣ እውነቴን ነው። ቀለሙ ደርቆ ራቅ ብዬ ሳያት ግን የሌላ ሰው አባት የጫነች መሰለችኝ። በጨርቅ ጠረግኩና እውነተኛውን ጻፍኩ። ጋሽ ሙጫ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ለረጅም ጊዜ አዩት። የማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ መነጽራቸውን መልሰው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ፎቶውን ያነሳሁት ከተማው ዳር ካለው ሜዳ ላይ ነው። ስለ እሱ ሳልነግርህ ማለፍ አልችልም፤ በሕይወቴ የተዋጣልኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነውና። ሞዴልን ቆመህ ከላይ ስታየው አሻንጉሊት ነው። የካሜራውን ዓይን ከጎማው እኩል ስታወርደው ግን አውሮፕላን ይሆናል፤ ሁላችንም አውሮፕላን የምናውቀው ከሥር ሆነን ነውና። አንድ ሰሌዳ በሁለት በርሜል ላይ አጋድሜ በወንፊት የተነፋ አፈር በተንኩበት። ያልተነፋ ከሆነ እያንዳንዱ ቅንጣት ፎቶው ላይ ቋጥኝ ያክላል። ከዚያ በሆዴ ተኝቼ የሰሌዳው ጠርዝና የሩቁ ሜዳ አንድ መሬት እስኪመስሉ ድረስ ካሜራውን ዝቅ ከፍ፣ ዝቅ ከፍ አደረግኩት። ጸሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ፣ ጥላዋ ሲረዝም፣ ንፋስ መጣና ከሞተሮቿ ፊት ያሉት ሁለቱም ውልብልቢቶች በራሳቸው ዞሩ። በዚያች ሰከንድ ነው የተጫንኩት። በኋላ ሳየው፣ አሮጊቷ አርፋ፣ ሞተሯን ሳታጠፋ፣ ሰው እስኪወርድ የምትጠብቅ ትመስላለች።

ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳጠብኩትና አንዱን ለበረራ ትምህርት ቤቱ ላክኩ። ባለቤቱ በጣም ስለወደደው «አንድ ልስቀልልሽ?» ሲለኝ ኩራት አናቴ ላይ ወጣና እሺ አልኩት። መስኮቱ ላይ ሰቀለው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው አንተ የማታውቀው።

የዓይን ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል። የእማዬ የዓይን ግፊት ነርቩን እየበላው ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በቀዶ ሕክምና ማቆየት ይቻላል። ያኔ የቀራት በቁልፍ ቀዳዳ የማየት ያህል ነበር፤ ፊት ለፊቷ ያለውን ታያለች፣ ጎንና ጎኑ የለም። «ይቺ ከተዘጋች ግን ማንም አይከፍታትም፣ ፈጠን በሉ» አለን። አንተም እዚያ ባለህበት አገር ሆስፒታል ቦታ ለምነህ አገኘህላት፣ ቲኬቱንም ላክህ። እማዬ ሻንጣዋን አስራ፣ ለአከራይህ የምታመጣውን ስጦታ ሳይቀር ጠቅልላ ነበር። እኔ ለአንተ በስልክ «ልትሄድ ስትል አውሮፕላን ፈራች» አልኩህ። አውሮፕላን አልፈራችም፣ ወንድምዓለም።

ከጎናችን ያለችው ልብስ ሰፊ በፎቶ ቤቱ በኩል ስታልፍ የጭራውን ቁጥር አየች። ሳሎናችን ስትገባና ስትወጣ ከአባዬ ፎቶ ላይ ያየችው ቁጥር ነው። ባለቤቱን «ይህን ማን አመጣው?» አለችው። እሱም «አንዲት የአውሮፕላን ተማሪ አመጣችው» አላት እንጂ ሞዴል ነው አላላትም፤ መንገር ያለበት አልመሰለውም ይሆናል፣ ወይም እሱም ረስቶት። ለምና አንዱን ቅጂ ወሰደችና እየሮጠች እማዬ ጋ ገባች። እኔ ማመልከቻ ላስገባ ወጥቼ ነበር።

ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማዬ ያን ቢጫ ቀሚሷን ለብሳለች፣ የአባዬ ዜና ከመጣ ወዲህ ሳጥን ውስጥ የከረመውን። ፎቶውን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ አንድ ፊደል አነበበች፣ ደገመች፣ ሌላውን አነበበች። ልብስ ሰፊዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። እማዬ አላለቀሰችም። ስታየኝ ሳቀችና «አንቺ ጉደኛ! ደብቀሽ ይዘሽ ነው አይደል? በሰዎችሽ በኩል አግኝተሽ፣ እስኪጣራ ብለሽ!» አለችኝ። አቅፋ ሳመችኝ። «አንቺ ተማርሽና ጠረጠርሽ፤ እኔ ግን አልጠረጠርኩም» አለች።

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አፌን ከፍቼ ነበር። እሷ ግን ጥያቄዋን ቀደመችኝ፤ «የተማርሽው ይኼንን ነው፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ይኼ ፊቷ ላይ ያለው ክብ ነገር እየዞረ ነው ወይስ ቆሟል?» አለች። እየዞረ ነው አልኩ። «ከዞረ ነዳጅ አላት ማለት ነው?» አዎ አልኳት። «ጎማዋስ?» ደህና ነው። «እንግዲያ በደንብ ነው ያረፈችው፤ ያሳረፋት ሰው አለ» አለችና እጇን አጨበጨበች። ወንድምዓለም፣ አንድም ውሸት አልተናገርኩም። እንደ መሐንዲስ የተጠየቅኩትን መለስኩ፤ በየመልሴ አባዬ ወደ ቤት አንድ አንድ እርምጃ ይቀርብ ነበር።

በበነጋታው ሻንጣዋን ፈታችው። «እሱ መጥቶ ቤቱን ዝግ ቢያገኘውስ?» አለች። ቀጠሮውስ፣ ዓይንሽስ ስላት «ዓይኔ እሱን እስኪያይ ይቆየኛል» አለችኝ። ፎቶውን ፍሬም አስገብታ ከአባዬ ፎቶ አጠገብ ሰቀለችው፤ ጠዋት ጠዋት እየሄደች ታናግረዋለች። «እንዴት አደርሽ አሮጊት፣ ያን ሰውዬ አምጪው እንጂ» ትላታለች።

ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። አንድ ቀን ሞዴሏን ራሷን በከረጢት ይዤ ገባሁ፤ ጭኗ ላይ አስቀምጬ «ይኸውልሽ» ልላት። እማዬ ግን የወንድ ምላጭ አስገዝታ መታጠቢያው ጋ አስቀምጣ አገኘኋት። «ጢሙ አድጎ ይሆናል፤ እንዲህ ሆኖ ልጆቹ ፊት አይቀርብም» አለች። ከረጢቱን ይዤ ተመልሼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ልብስ ሰፊዋ አግኝታኝ «አንቺ ልጅ፣ ፊትሽ ምነው? አባትሽ ሊመጣ ሲል እንዲህ ይጠቆራል?» ብላ ተቆጣችኝ።

በዚህ መሐል የበረራ ትምህርት ቤቱ መልስ መጣ። ሳላስቅህ አላልፍም። «የጠየቅንሽ የሞዴል ፎቶ ነው፤ አንቺ የላክሽልን ግን የእውነተኛ አውሮፕላን ፎቶ ነው። መመሪያውን አላነበብሽም» ይላል። ሞዴሏን ታቅፌ በአውቶቡስ ሄድኩ፤ ሹፌሩ የኛው ሹፌር ነበርና «ለሷም ቲኬት ቁረጪላት» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ስደርስ ቦታው ተይዟል። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የአሸናፊውን ሞዴል አሳዩኝ፤ ክንፉ የተጣመመ፣ ሙጫው የፈሰሰ። ለምን እሱን መረጣችሁ ብል ሰውየው ትንሽ አፍሮ «ቢያንስ ሞዴል መሆኑ ያስታውቃል» አለኝ። እየሳቅኩ ወጣሁ። ከዚያ አጥሩ ሥር ተቀምጬ ሳቁ ሌላ ነገር እስኪሆን ቆየሁ።

አንተ በየሳምንቱ ትደውላለህ። «ሐኪሞቹ እስከ መቼ ይጠብቁልኛል መሰለሽ?» ትላለህ። እኔም እሷን አባብልልሃለሁ እልሃለሁ፤ የምሬን ነበር። እማዬ ደህና ትመስለኝ ነበር። የዓይን ጠብታዋን በሰዓቱ ታደርጋለች። ለምርመራ እንሂድ ስላት ጉንፋን ይዞኛል፣ ጉልበቴን አሞኛል ትላለች። አልፎ አልፎ ገርሞኝ ነበር። ሻይ ስትቀዳ ጣቷን ኩባያው ውስጥ አስገብታ አያታለሁ፤ ምነው ስላት «ሙቀቱን ልወቅ ብዬ ነው» አለችኝ። መብራት ሳታበራ ጓዳ ትሠራለች፤ «ለመብራት ኃይል ምን ዕዳ አለብኝ?» ትላለች። ከቤት መውጣት ተወች፤ እሱ ሲመጣ እንዳይቸገር ነው አለች። እኔ ስገባ ቀና ሳትል «መጣሽ?» ትለኛለች፤ ጆሮዋ ጎብዟል ብዬ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ነው የምልህ።

ሰሞኑን ለጋሽ ሙጫ ሁሉንም ዘከዘክኩላቸው። ነግሬሽ አልነበር አላሉኝም። የክንፍ ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት እያሹ አዳመጡኝና «በአፍሽ አትጀምሪ። ፎቶውን ከግድግዳው አውርጂው። የት ሄደ ብላ ትጠይቅሻለች፤ ከጠየቀች መልስ መስጠት ይቀላል። ሰው ያልጠየቀውን እውነት መስማት አይችልም» አሉኝ። ልክ ናቸው ብዬ ተነሳሁ። ልቤ በጣም ቀለለኝ። በመንገድ ላይ የምላትን ሁሉ አዘጋጀሁ። እማዬ፣ እኔ ነኝ የሠራኋት፣ ከእንጨት ነው፣ ከናፍቆት ነው፣ ይቅር በይኝ። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች፣ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ሻንጣዋን መልሰን እናስራለን። አንተ ጋ የምትሳፈርበትን ቀን እንኳ በልቤ መርጬላት ነበር።

እማዬ ስትታጠብ ፎቶውን ከፍሬሙ አወጣሁና በምትኩ የኔን የምርቃት ፎቶ አስገባሁ፤ ያን ጥቁር ካባ ለብሼ፣ ባርኔጣው ዓይኔ ላይ ወርዶ የምስቅበትን። ሕፃን እንኳ አይምታታበትም። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳት።

መጣች። ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች መጣች፤ ፍሬሙ ጋ ስትደርስ ጠርዙን ያዘችና ቀና አለች። «እንዴት አደርሽ አሮጊት» አለች። «ዛሬ ደግሞ ክንፍሽ እንዴት ያበራል! ጸሐይዋ እላይሽ ላይ ወጥታልሻለች።» በእጅጌዋ መስታወቱን ወለወለች፤ በኔ ፊት ላይ። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ፊደሎቹን አንድ ባንድ ጠራቻቸው፤ አንዱንም አልሳተችም።

አውቃብኝ እየቀለደችብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ታውቃታለህ፣ ስትቀጣ በቀልድ ነው። ከፊት ለፊቷ ሄጄ ቆምኩ፤ በሷና በፍሬሙ መሐል፣ ትንፋሼን ይዤ። እሷም በትከሻዬ በኩል ፎቶውን የምታይ ይመስል ፈገግ እንዳለች ነበር። ቆይታ ጭንቅላቷን አዘንብላ አዳመጠችና «ማነው?» አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ደነገጠች፤ ግን ወዲያው መልሳ «ምነው እንደ ድመት ትሄጃለሽ? በይ ነይ እይ፣ ዛሬስ በሩ ተከፍቷል፣ አባትሽ ደረጃው ላይ ቆሟል» አለችኝ። እጄን ይዛ ጎትታ ወደ ፍሬሙ አዞረችኝ። አየሁ። አዎ እማዬ፣ ይታያል አልኳት።

በማግስቱ የምርቃቱንም አውጥቼ ፍሬሙን ባዶውን ተውኩት። የዚያኑ ዕለት አባዬ ከደረጃው ወርዶ በሜዳው ላይ እየተራመደ መሆኑን ነገረችኝ። ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ነበር፣ ወደ ውስጥ ተገልብጦ።

ከዚህ በላይ ስለዚህ ነገር አልጽፍልህም። አንድ ነገር ብቻ፤ ያን የሆስፒታሉን ቦታ ለሌላ ሰው ልቀቅለት። ተራ የሚጠብቅ፣ ገና ትንሽ ብርሃን የቀረው ሰው አይጠፋም። በቲኬቱም ስለ እሷ አትቸገር፤ ከቻልክ ወደዚህ አዙረውና አንተ ናበት። ፎቶውንም መልሼ ፍሬሙ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ስለ ሞዴሏ ደግሞ አልነግራትም። እስከ ትናንት የሚነገራት እውነት ነበረኝ፤ በምትኩም የምሰጣት ነገር ነበረኝ። አሁን ወስጄባት ምን እሰጣታለሁ?

እኔ ጋራዡን አልተውኩም። ጋሽ ሙጫ አዲስ እንጨት ሰጥተውኛል፤ እስካሁን አልቆረጥኩትም፣ እጄ ላይ አገላብጠዋለሁ። ሌላ ከተማ ያለ አንድ ፋብሪካ ወጣት መሐንዲሶች ይፈልጋል አሉኝ። ማመልከቻውን ግን አልጻፍኩም፤ እማዬን ለማን ትቼ ነው? እኔ ራሴ ስጽፈው ለራሴ የሚገርመኝ፣ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «አሁንስ የት ደረሰ?» እያልኩ እጠይቃታለሁ።

እማዬ መልእክት አላት። ለቀባሪው ልጄ ጻፊለት ብላኛለች፤ «አባትህ ሲመጣ መጀመሪያ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ ነህ፤ እሱ ግን ሆደ ሰፊ ነው፣ አትፍራ» በይው አለችኝ። ግንባርህን ሳሚልኝ ብላኛለች፤ እኔም በወረቀቱ በዚህ ጥግ ሳምኩልህ።

ያሳደገን ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ። መንገድህ ለስላሳ፣ እንጀራህ ከሰው ፊት የማያቆምህ ይሁን። ባዕድ ደጅ ላይ ክፉ አይንካህ። በደህና ግባ።

ስትመጣ ደግሞ እንደ ልማድህ ከኋላ ሄደህ ዓይኗን በእጅህ እንዳትሸፍናት። በሩ ላይ ቆመህ ድምፅህን አሰማ፤ ስምህንም ተናገር፣ ከዚያ ቅረባት።

ታናሽ እህትህ